አውትባክ 3.6 ልገዛ ነው፤ ስድስት ሲሊንደሩም እንደ አራቱ ጋርኒሲዮን ያቃጥላል?

የአውሮራው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የምኖረው። የ2012 ሱባሩ አውትባክ 3.6 አር አግኝቼ ልገዛ ነው። ወደ 140 ሺህ ማይል ሄዷል፣ የአንድ ሰው መኪና ነው፣ ውስጡ ንጹህ ነው፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ግን ሱባሩ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «100 ሺህ ካለፈ የቴስታታ ጋርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ሞተር ስታወርድ ነው የምትኖረው» አለኝ። የእሱ ግን ባለ 2.5 ነበር፣ አራት ሲሊንደር። እኔ ያየሁት ጠፍጣፋው ስድስት ነው፣ ስድስቱ ሲሊንደር ግራና ቀኝ የተኛበት። በሽታቸው አንድ ነው ወይስ ሰዉ ዝም ብሎ ሱባሩን ሁሉ እያማ ነው? ቤተሰብና ዕቃ ጭኜ በአይ-70 ወደ ተራራው ስለምወጣ መንገድ ላይ መቆም አልፈልግም። ከመግዛቴ በፊት መካኒኩ ምን ምን እንዲያይልኝ ልንገረው? ነዳጅ ይጠጣል የሚሉትስ?

ካቴና፦
ባልደረባህ አልዋሸህም፣ ስለ ሌላ ሞተር ነው ያወራህ። የድሮው 2.5፣ ኢጄ25 የሚባለው፣ የቴስታታ ጋርኒሲዮኑ ከታች በኩል ዘይትና ውሃ ማልቀሱ የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ቫልቮቹ የሚሠሩት በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው 105 ሺህ ማይል ላይ ሳይቀየር ቀርቶ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሂሳብ አታንሳው።

ያንተው ኢዜድ36 ነው። 3,630 ሲሲ፣ 24 ቫልቭ፣ 256 የፈረስ ጉልበት በ6,000 ዙር። መጀመሪያ የ2008 ትራይቤካ በሚባለው ሱባሩ ላይ ገባ፣ ከ2010 ጀምሮ አውትባክና ሌጋሲ ላይ፣ እስከ 2019 ሞዴል ድረስም ቆየ። በቺንጋ ፈንታ የሚሠራው በካቴና (በሰንሰለት) ስለሆነ በዚህን ያህል ማይል ይቀየር የሚባል ነገር የለውም። ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ከሆነ ካቴናው የሞተሩን ዕድሜ ያህል ይሄዳል። ዘይት የተበደለ ከሆነ ግን ጠዋት በብርድ ሲነሳ ከፊት በኩል ለጥቂት ሰከንድ ይንኳኳል፤ የካቴናው መወጠሪያ ነው። ስለዚህ መኪናውን ልታይ ስትሄድ ሞተሩ አድሮ የቀዘቀዘ ይሁን። ባለቤቱ አሙቆ ከጠበቀህ ለሌላ ቀን ቅጠረው።

ጋርኒሲዮንን በተመለከተ፣ 3.6 ላይ እምብዛም አላይም። እኔ ጋ ይሄ ሞተር የሚመጣው በዘይት ፍሳሽ ነው። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ስለተኙ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የተወሰነው ዘይት የቫልቭ ሽፋኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ቆሞ እንደሚሠራ ሞተር ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አይወርድም። ጋርኒሲዮኑ ከዓመታት በኋላ በሙቀት ይደርቃል፣ ዘይቱ ጭስ ማውጫው ላይ ይንጠባጠባል፣ መብራት ይዞህ ስትቆም የተቃጠለ ዘይት ይሸትሃል። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ የፊት ለፊቱ የካቴና ሽፋን ነው። በሲሊኮን ነው የታሸገው፣ ብሎኑ ብዛቱ መከራ ነው፣ ዕቃው ርካሽ ሆኖ የእጅ ዋጋው ነው የሚያስለቅሰው። ርጥበት ብቻ ከሆነ እኔ አልነካውም። የሚንጠባጠብ ከሆነ ዋጋ አስቀንስበት።

ሌላው ካንዴላ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚሰጠው። በየ60 ሺህ ማይሉ ይቀየራል፣ ስለዚህ በ140 ሺህ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት። ካንዴላዎቹ ወደ ጎን፣ ወደ ሻንሲው ዞረው ጠባብ ቦታ ላይ ስለተቀመጡ ብዙ ሰው «ሌላ ጊዜ» እያለ ያልፈዋል። ደረሰኝ ጠይቅ።

ባለ 3.0፦
ሲያትል ነኝ። የ2005 አውትባክ 3.0 አር አለኝ፣ የዚህኛው ታላቅ። 3.0 ላይ ጋርኒሲዮን አይሄድም የሚላችሁን አትስሙ። ከ2.5ው ያነሰ ነው፣ ግን ሲሄድ አካሄዱ ተንኮለኛ ነው። መሬት ላይ ጠብታ አታይም። ከተማ ውስጥ የሙቀት መለኪያው ንቅንቅ አይልም። የስኖኳልሚ ፓስን ዳገት ጭነህ ስትወጣ ብቻ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ነዳጅ መስጠቱን ስትቀንስ ይወርዳል። የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው ማለት ነው፣ የውሃው ትርፍ መያዣ ውስጥ አረፋ ይወጣል።

የኔን አንድ ጋራዥ ስወስደው መጀመሪያ ተርሞስታት ቀየሩ፣ ቀጥሎ ራዲያተር፣ ሁለቱንም አስከፍለው። መኪናው አሁንም ይሞቃል። በመጨረሻ «የውሃ ፓምፑ ነው» አሉ። የውሃ ፓምፑ እኮ ካቴናው ሽፋን ውስጥ ነው ያለው፣ ግማሽ ሞተር ሳይፈታ አይደረስበትም። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ሌላው መካኒክ ራዲያተሩ አፍ ላይ አንዲት ብልቃጥ ሰማያዊ ፈሳሽ አስቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ፈሳሹ ወዲያው ቢጫ ሆነ። የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ነው ቀለሙ የሚለወጠው። ምርመራው ከመቀየሪያ ዕቃዎቹ ሁሉ ይረክሳል፣ ለምን እንደማይቀድም አይገባኝም። አንተም ከመግዛትህ በፊት ይህንን አስደርግ፣ 3.6 ነው ብለህ አትዘናጋ።

3.0 ላላችሁ ደግሞ፦ መሪ ስትጠመዝዙ የሚያጓራ ከሆነና የመሪው ዘይት አረፋ ከያዘ ፓምፕ ለመግዛት አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ፓምፑ ላይ፣ ዘይት የሚስብበት መጋጠሚያ ጋ ያለች ትንሽ የጎማ ቀለበት ደርቃ አየር እያስገባች ነው። የሳንቲም ዕቃ ናት።

ፖርሼ በሕልሜ፦
«ጠፍጣፋ ስድስት» ሲባል የፖርሼ ወሬ መስሎኝ ሮጬ ገባሁ 😅 ለነገሩ ተመስገን በሉ። የመጀመሪያዎቹ ቦክስተሮችና የ996ቱ 911 ላይ የመካከለኛው ዘንግ ኩሺኔታ ከተበላ ሞተሩን ይዞት ነው የሚሄደው። ዘይት ማልቀስ ምን አላት።

ኪያ ይሻለኛል፦
ለምን ራስህን ታስጨንቃለህ? በዚያው ገንዘብ የ2013 ባለ 2.5 ግዛ። ሞተሩ አዲሱ ነው፣ የጋርኒሲዮን ወሬ የለበትም፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ካቴና፦
ኪያ ይሻለኛል፣ የ2013ቱ ኤፍቢ25 ነው። ካቴና አለው፣ የጋርኒሲዮኑም ነገር ተሻሽሏል፣ እሱ ልክ ነህ። ግን ዘይት በመጠጣት አሜሪካ ውስጥ በጋራ ክስ የቀረበበት፣ በ2016 በስምምነት ያለቀው፣ እሱ ነው። የ2013 አውትባክም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ካምቢዮውም ሲቪቲ ነው፣ ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ። ከ2010 እስከ 2014 ያለው 3.6 ግን የተለመደው ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፣ ሲቪቲ የገባበት ከ2015 ወዲህ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ከሞተሩ ይልቅ ለዚህ ካምቢዮ ስል ነው የምገዛው።

የዴንቨር ሹፌር፦
የነዳጁን እኔ ልመልስ። በጋሎን 18 ማይል ከተማ፣ 25 ሀይዌይ ነው የተለጠፈበት፤ በዚያው ዓመት ባለ 2.5ው 22 እና 29። ቀኑን ሙሉ ዴሊቨሪ የምትሠራበት ከሆነ ተወው፣ ያከስርሃል። ለቤተሰብ መኪና ግን ያን ያህል አይደለም።

እዚህ አገር ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። ዴንቨር ማደያ ላይ «ሬጉላር» ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን 85 ኦክታን ነው፤ ኦክታን ነዳጁ ሞተር ውስጥ ማንኳኳትን የመቋቋም ደረጃው ነው። የመኪናው መጽሐፍ የሚለው 87 ነው። መሃለኛውን ቅዳ። 85 በካርቡሬተር ዘመን የቀረ ልማድ ነው፣ ያኔ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አያንኳኳም ነበር። የዛሬ ሞተር ግን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፣ ዝቅተኛ ነዳጅ ስታጠጣው እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ አንተ መኪናው የደከመ ይመስልሃል። ባለ 250 ፈረሱ 3.0 አር ያላችሁ ደግሞ 91 ነው የተመከረላችሁ።

ስለ ተራራው፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚሁ ዴንቨር ላይ፣ በ1,600 ሜትር፣ ከጉልበቱ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። አይዘንሃወር ዋሻ ጋ፣ 3,400 ሜትር ላይ፣ ሲሶው ሊሄድ ምንም አይቀረው። 2.5ውም በዚያው ልክ ነው የሚያጣው፣ ግን እሱ ሲነሳም 170 ፈረስ ነው። ሰው ጭነህ፣ ጣራው ላይ ዕቃ አስረህ ያንን ዳገት ስትወጣ ልዩነቱን ታየዋለህ። ባለ 2.5ዎቹ ከከባድ መኪኖቹ ጋር በቀኝ መስመር ሲያቃስቱ ነው የማልፋቸው።

እና ከመርሳቴ በፊት፣ የሻንሲ ቁጥሩን የመንግሥት የሪኮል ገጽ ላይ አስገባ። የነዚያ ዓመታት አውትባኮች የተሳፋሪው ኤርባግ ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራው፣ ጉድለት ያለበት ስለሆነ ለጥገና ተጠርተዋል። መቀየሩን አረጋግጥ፣ በነጻ ነው።

የአውሮራው ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መካኒክ ይዤ ሄጄ አየሁት። ቀዝቃዛውን ነው ያስነሳነው፣ የሚንኳኳ ነገር የለም፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት) መሥራቱ ራሱ ያጠራጥራል፣ እንዲህ ጸጥ ያለ ሞተር አላውቅም። ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የካቴናው ሽፋን ከታች ረጥቧል፣ አይንጠባጠብም። ኤርባጉ ተቀይሯል። የካንዴላ አንድ ደረሰኝ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለተኛው የለም።

አንድ ነገር ግን መካኒኩም አልወደደውም። የራዲያተሩ ውሃ አረንጓዴ ነው። የሱባሩ ውሃ ሰማያዊ አይደለም ወይ? ባለቤቱን ስጠይቀው ዘወር ዘወር አለብኝ። ወንድሜ ደግሞ «ግዛው፣ ሲበቃህ አዲስ አበባ ትልከዋለህ» ይለኛል።

ካቴና፦
ወንድምህ ዜና አይሰማም መሰለኝ፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አታስገባም።

አዎ፣ 2012 ከፋብሪካ የሚወጣው በሰማያዊ ነው። የመጀመሪያው 11 ዓመት ወይም 137,500 ማይል እንዲያገለግል ነው የተባለው፣ ስለዚህ ጊዜው ደርሶ ሰው ርካሹን አረንጓዴ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። ይሄ ምንም አይደለም። ወይ ደግሞ ሞቆ ውሃ ጨርሶ መንገድ ላይ ያገኙትን ሞልተውበታል። ይሄኛው ነው የሚያሳስበው። ራዲያተሩን እይ። ከላይ ያለው የፕላስቲክ ክፍሉ አዲስ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ለምን እንደተቀየረ በወረቀት ያሳይህ። የቀድሞው ከሆነና ውሃው ብቻ ከተለወጠ፣ ዳገት ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነድተህ መለኪያውን ተከታተል፣ ስትመለስ አረፋውን እይ።

የአውሮራው ልጅ፦
ራዲያተሩ አዲስ ነው። ዘወር ዘወር ያለው ለካ አጋዘን ገጭቶ ነበር፣ ዋጋ እንዳላስቀንስበት ፈርቶ ነው። የኢንሹራንስ ወረቀቱን አወጣው፣ ራዲያተርና የፊት መብራት ይላል፣ ሞተር አልተነካም። በሉካውት ማውንቴን ዳገት ነዳሁት፣ መለኪያው መሃል ላይ ተተክሎ ቀረ። ለአጋዘኑም ለካንዴላውም ተደራድሬ ጥሩ ቀነሰልኝ።

ካቴና፦
እንግዲያው ግዛ። አረንጓዴውን አስወጥተህ አሳጥበህ ሰማያዊውን አስሞላ፤ ሲሞላ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ይበል፣ ጠፍጣፋ ሞተር ውስጥ አየር ከተያዘ በጤናው ያሞቀዋል። ካንዴላውን ከተራራው ጉዞ በፊት ቀይር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንጂ ትኩሱን እንዳይፈቱብህ፣ ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ይበላል። ዘይቱ 5-30 ነው፣ ከፊልትሮው ጋር 6.9 ኳርት ይይዛል፣ ባለ 5 ኳርት ጀሪካን አንድ ብቻ ገዝተህ እንዳትመለስ። ራስህም ትቀይረዋለህ። መጽሐፉ 7,500 ማይል ይላል፣ ለተራራና ለብርድ ደግሞ ግማሹን። እኔ 5,000 ላይ ነው የምቀይረው።

ባለ 3.0፦
እና ዘይት ስትለካ ሞተሩን አጥፍተህ ቆይ። ወዲያው ካወጣኸው ጎድሎ ያሳይሃል፣ አንተም ትጨምርበታለህ።