ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መምጫው ለምን ይረዝማል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ ትመጣለች። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፣ ስኳርም አለባት። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ትኬቱን ሳየው ግራ ገባኝ። መምጫው መሀል ላይ አርፎ ወደ 17 ሰዓት ይወስዳል። መመለሻው ግን ቀጥታ ነው፣ 13 ሰዓት ገደማ። ርቀቱ ያው አይደለም እንዴ? ደግሞስ የሚያርፍበት ቦታ ወርዳ ሌላ አውሮፕላን ልትቀይር ነው? እንግሊዝኛ አትችልም። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የቀድሞ ቴክኒሺያን፦
አይዞሽ እህቴ። ቦሌ አውሮፕላን ጥገና ላይ ስለሠራሁ ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መምጫውም መመለሻውም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦሌ ራሱ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት እንደዚያው። ነዳጅ ደግሞ ከባድ ነው። መንገደኛ ሞልቶ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ ቀድቶ ከዚያ መነሳት አይሆንለትም። ስለዚህ ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይጨምራል። ባለፉት ዓመታት ሮምም ደብሊንም ያርፍ ነበር። ዳለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ጢም አድርጎ ቀድቶ ይነሳል። ላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ ሲመጡ ፊት ለፊት ይይዛቸዋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛቸዋል።

ትኬቱ ላይ የበረራ ቁጥሩ አንድ ብቻ ከሆነ እናትሽ አውሮፕላን አይቀይሩም። ነዳጅ እስኪቀዳ ብዙውን ጊዜ እዚያው ወንበራቸው ላይ ይቆያሉ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ውዴ፣ ዊልቸር ዛሬውኑ ጠይቂላቸው። መራመድ ቢችሉም ጠይቂ። የሚገፋቸው ሰው ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ፣ ሻንጣቸውን አስወስዶ፣ አንቺ እስከምትቆሚበት ያመጣቸዋል። እኔ እናቴን ያለዚያ አላስመጣም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ከታች ከሻንጣ ጋር ከሄደ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የሰዓት ልዩነቱም እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ነው። መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ ሳይነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አልፎ አልፎ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ እግራቸው እንዳያብጥ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ። የበረራ ቁጥሩ አንድ ነው። መነሻው 22:40 ይላል። የሚሸኛት ወንድሜ ነው።

የቀድሞ ቴክኒሺያን፦
በእኛ ከምሽቱ 4:40 ነው። ወንድምሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ያድርሳቸው። በረራው ተቀይሮ 00:30 ቢሆን ደግሞ ቀኑን ልብ በሉ። ትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት በረራ ሲያመልጠው አይቻለሁ። 12ኛው ቀን 00:30 ከተባለ፣ ከቤት የሚወጡት በ11ኛው ቀን ማታ ነው።