«ናስ ኮሻስ» የባርነት ቃል ነው?

ጠያቂ፦ ብራዚላዊ በግድየለሽነት የተሠራ ነገር ሲያይ «ፌይቱ ናስ ኮሻስ» ይላል፤ «በጭን ላይ የተሠራ» እንደ ማለት። እኛ «ለግብር ይውጣ» የምንለው ነው። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የጣሪያ ሸክላ በጭናቸው ላይ ይቀርጹ ስለነበር፣ የሰውም ጭን ስለሚለያይ፣ ሸክላው አልገጥም ይል ነበር ይባላል። የሀገሪቱ ከፍተኛ የምርጫ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ዘረኛ አባባሎችን እንዳንጠቀም በሚመክር አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ቃሉ ይቅር ትላላችሁ?

ባሕር ማዶ፦ ይቅር። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአሜሪካ አህጉር የመጨረሻዋ ናት። ይህን ታሪክ የተሸከመ ሰው ቃሉን ሰምቶ ቢያመው፣ መዝገበ ቃላት ገልጠህ ና ሊባል ነው?

ሸክላ ሠሪ፦ ሕመሙን አልክድም። ተረቱ ግን ከሙያው ጋር አይሄድም። ጭቃው በእንጨት ፍሬም ውስጥ ይዘረጋል፤ ከዚያ ጎባጣ ቅርጽ ላይ ይጋደማል፤ ቅርጹ ተስቦ ሲወጣ ሸክላው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ጭኑን ያዋሰ ሰው ግን ጭቃው እስኪጠና ንቅንቅ ማለት አይችልም። ለአንድ ጣሪያ ሺዎች ያስፈልጋሉ! ያ ሁሉ ጉልበት በዝባዥ ጌታ ሠራተኛውን እንዲህ አስቀምጦ ይውላል? የሸክላው አንዱ ጫፍ እንደ ጭን መጥበቡም ሆን ተብሎ ነው፤ ሸክላዎቹ እንዲደራረቡ። ይኸው ወሬ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስም ይወራል፤ እዚያ የሚባለው ስለ ባሪያ አይደለም።

ባሕር ማዶ፦ ታዲያ ከየት መጣ?

ሸክላ ሠሪ፦ ጠረጴዛ ሳይኖር ወረቀትን ጭን ላይ አድርጎ መሞነጫጨር ነው የሚሉ አሉ። በችኮላ ከሚፈጸም የወሲብ ነገር ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ጠያቂ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ቦሳል» ዛሬ ደንቆሮ፣ ባለጌ ማለት ነው። በባርነት ዘመን ግን ከአፍሪካ ገና የመጣ፣ ፖርቹጋልኛ የማያውቅ ባሪያ መጠሪያ ነበር፤ ቋንቋውን የለመደው «ላዲኖ» ይባል ነበር። ይህ ሰነድ ያለው ነው። የሸክላው ተረት ግን ለጆሮ ስለሚጥም እሱ ብቻ ይወራል።

ባሕር ማዶ፦ ቦሳልም ይቅር፣ ኮሻስም ይቅር። ሁለቱን ብተው ቃል አያጥረኝም።

ሸክላ ሠሪ፦ እርስዎ ይተዉት፣ መብትዎ ነው። የመንግሥት ተቋም በስሙ ሲያሳትም ግን ማስረጃ አምጣ ይባላል።