የታተመ ጥናት በነፃ ለመልቀቅ፦ የትኛውን ፋይል፣ የት?

የማኔጅመንት መምህር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት የጻፍኩት ጥናት ኤመራልድ በሚያሳትመው ጆርናል ወጥቷል፤ ሳይከፈል አይነበብም። ሌላ ደግሞ በሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ፣ ገና ወደ ጆርናል ያልሄደ ረቂቅ አለ፣ ከ340 ቤተሰብ መጠይቅ ጋር። የታተመውን ፒዲኤፍ በዩኒቨርሲቲያችን ሪፖዚተሪ (የጥናት ማከማቻ ድረ ገጽ) ብጭን ያስጠይቀኛል? ረቂቁን ያልታተሙ ጥናቶች በሚለቀቁበት ኤስኤስአርኤን ድረ ገጽ ላይ ባወጣ ጆርናል ይመልስብኛል? ዳታውስ? የአማርኛ አጭር መግለጫም አዘጋጅቻለሁ፤ የወረዳ ባለሙያ የሚያነበው እሱን ነው።

ላይብረሪያኑ፦
መምህር፣ መጀመሪያ ፋይሎቹን እንለያቸው። አንድ ጽሑፍ ሦስት መልክ አለው፦ መጀመሪያ ለጆርናሉ የተላከው፣ በገምጋሚዎች አስተያየት ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው፣ እና አሳታሚው ሎጎና የገጽ ቁጥር አድርጎ ያወጣው። ሦስተኛውን አይንኩት፤ የኦፕን አክሰስ (ማንም በነፃ እንዲያነበው የሚደረግበት) ክፍያ ካልተከፈለበት በቀር የማሰራጨት መብቱ የአሳታሚው ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሁለተኛው ነው።

ኤመራልድ በዚህ ነገር ለጋስ ነው። ጽሑፉ በይፋ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሁለተኛውን ፋይል በሲሲ ባይ-ኤንሲ ፈቃድ (ምንጩን ጠቅሶ፣ ለንግድ ሳይሆን መጠቀም) ሪፖዚተሪ ላይ መጫን ይፈቅዳል። ሌሎቹ አሳታሚዎች ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ጊዜ እንዲጠበቅ ያዛሉ፤ ዋይሊ በማኅበራዊ ሳይንስ አብዛኛውን ጊዜ 24 ወር፣ ኤልሰቪየር እንደ ጆርናሉ ከ12 እስከ 24 ወር። የየጆርናሉን ደንብ ቀድሞ ሼርፓ ሮሚዮ ይባል በነበረው፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር በተባለው ጂስክ የተባለ የብሪታንያ ድርጅት ገጽ በአይኤስኤስኤን (የጆርናሉ መለያ) ቁጥር ፈልገው ያገኛሉ። ከፈረሙት ውል ጋር ካልተጣጣመ ግን ውሉ ነው የሚገዛው።

ፊት ገጹ ላይ የጽሑፉን ርዕስ፣ የጆርናሉን ስም፣ ዲኦአይውን (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ከነሙሉ ሊንኩ፣ የፈቃዱን ዓይነት ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዲኦአይ የሌለው ፋይል ሲጠቀስ ጥቅሱ ከታተመው ጋር ላይደመር ይችላል።

የተመራማሪዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ የሆነውን ሪሰርችጌትን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ ስለጫነ የተፈቀደ አይምሰልዎ። ኤልሰቪየርና የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በ2017 ጀርመን አገር ከሰውት በ2023 ነው በስምምነት የጨረሱት። ሪፖዚተሪው ላይ ይጫኑና ሪሰርችጌት ላይ ሊንኩን ብቻ ያስቀምጡ።

የማኔጅመንት መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ ተቀባይነት ያገኘው ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ የለም፤ ያለኝ የታተመው ብቻ ነው።

ላይብረሪያኑ፦
ጽሑፉን የላኩበት ሲስተም ውስጥ አለ። ሲስተሙ ስኮላርዋን የሚባለው ከሆነ በደራሲ ገጽዎ ገብተው ውሳኔ ያገኙትን ዝርዝር ይክፈቱ። ሲስተሙ ያቀናበረውን ፒዲኤፍ ሳይሆን እርስዎ የጫኑትን የመጨረሻውን ወርድ ፋይል ይውሰዱ። ፒዲኤፉ ላይ ለግምገማ ብቻ የሚል ጽሑፍ በየገጹ ሊኖር ይችላል። ወርዱን ሲያገኙ ትራክ ቼንጁን ሙሉ በሙሉ ይቀበሉ፣ ኮሜንቶቹን ያጥፉ፣ የመስመር ቁጥሩን ያንሱ። የገምጋሚ አስተያየት በጎኑ ተንጠልጥሎ ሪፖዚተሪ ላይ የተገኘ ፋይል አንድ ሁለት አይደለም።

ቀለም ቆጣሪ፦
ስለ አማርኛው መግለጫ ልጨምር። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን የላቲን ምልክት ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ዝብርቅርቅ ከወጣ ጉግልም የሚያየው ያንን ነው። ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ተጠቀሙ፣ ፎንቱም ፋይሉ ውስጥ ተካቶ ይቀመጥ።

ቁልፍ ቃላት ላይ ደግሞ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቡ፣ ማኅበርም ማህበርም። ፈላጊው በየትኛው ኀ እንደሚጽፍ አይታወቅም። ፋይሉ ከ5 ሜጋባይት አይብለጥ፤ ጉግል ስኮላር ከዚያ በላይ የሆነውን እንደ ጽሑፍ አይቆጥርም። ርዕሱ በመጀመሪያው ገጽ አናት በትልቅ ፊደል፣ የጸሐፊዎቹ ስም ከሥሩ ይሁን። ስካን የተደረገ ገጽ ዋጋ የለውም።

ዳታ ጠባቂ፦
ረቂቁን ኤስኤስአርኤን ላይ ማውጣት ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ብዙ የኢኮኖሚክስና የቢዝነስ ጆርናሎች ይቀበላሉ። የሚያስቸግረው ገምጋሚውና ጸሐፊው እንዳይተዋወቁ የሚሹት ናቸው፤ ገምጋሚው ርዕሱን ጉግል ላይ ሲያስገባ ስማችሁ ፊቱ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትልኩበትን ጆርናል ደንብ አንብቡ፣ ከዚያ ልቀቁ።

ዳታው ላይ ግን ቀስ በሉ። ቤተሰቦቹ የፈረሙት ስምምነት ምን ይላል? ለዚህ ጥናት ብቻ ካለ ጥሬው ዳታ አይወጣም፤ መጠይቁንና የስታታ ዱ-ፋይሉን (የትንተናውን ትእዛዞች የያዘውን) ብቻ ዜኖዶ የተባለው ነፃ የዳታ ማከማቻ ላይ ጫኑ። ስምምነቱ ከፈቀደ ስም፣ ስልክ፣ ጂፒኤስና ቀበሌ ይውጡ፤ ወረዳ ይበቃል። ዕድሜን በአምስት ዓመት ክፍል አድርጉት። ይህም ሆኖ በአንድ ወረዳ ውስጥ 12 ልጅ ያላት አባወራ አልባ እናት አንድ ብቻ ከሆነች ጎረቤቷ ያውቃታል፤ እንዲህ ያለውን መስመር ከሌላ ጋር አዋህዱ ወይም አውጡ።

ኤክሴል ላይ ሲኤስቪ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ከመረጣችሁ የአማርኛው መልስ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የቃለ መጠይቁ ቀን በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተመዘገበ ማብራሪያው ፋይል ላይ ጻፉ፤ 2014 ሲባል ውጭ ያለ ሰው የፈረንጅ ይመስለዋል።

ቁጥር ሰባት፦
ለሚቀጥለው ጽሑፍ አንድ ነገር፦ ኢትዮጵያ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ጥናቶችን በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ምድብ ሀ ውስጥ ስላለች ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ሙሉ ኦፕን አክሰስ በሆኑ ጆርናሎቻቸው ላይ ከጸሐፊው የሚጠየቀውን ክፍያ ይሰርዛሉ። ድብልቅ በሚባሉት (የሚከፈልባቸውንም ነፃ የሆኑትንም ጽሑፎች በሚያወጡት) ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ጽሑፉን ስትልኩ ጠይቁ፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የክፍያ መጠየቂያ ነው የሚደርሰው።