ልጆቹ ቋንቋቸውን ታንኳ ላይ አገኙት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ልጆቻችን አማርኛ እንቢ ስለማለታቸው ስታወሩ ነበር። እኔም ያየሁትን ልጨምር።

የምንኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ነው። ጎረቤቶቻችን ከሳሞአ፣ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጡ ናቸው። አያትየው በሳሞኛ ሲያናግሩት ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልስላቸዋል። ያው የኛው ቤት ድራማ ነው። አምና ሰመር ላይ ልጁ የታንኳ ቀዘፋ ጀመረ። ልጄም ካልሄድኩ አለች። ሹፌሩ እኔ ሆንኩ።

ታንኳዋ ቀጭን ናት፤ ቁመቷ 12 ሜትር ያልፋል፣ ስድስት ሰው ትይዛለች። በግራ ጎኗ በሁለት አግዳሚ እንጨት የታሰረ ተንሳፋፊ አላት። እሱ ባይኖር ወዲያው ትገለበጣለች። ስሙ «አማ» ነው (ሐሜት እንዳይመስላችሁ)። ፊት የተቀመጠው ምቱን ያወጣል፣ ስድስተኛው ከኋላ ይመራል። አሥራ ምናምን ጊዜ ይቀዝፉና አንዱ ሲጮህ ሁሉም እኩል ጎን ይቀይራሉ።

አሰልጣኟ የሃዋይ ልጅ ስለሆነች ትእዛዙ በሃዋይኛ ነው። «ኢሙዋ» ካለች ወደፊት፣ «ላዋ» ካለች በቃ። ቃሉ ያመለጠው ልጅ መቅዘፊያው ከሌላው ጋር ይጋጫል። «ሁሊ» መገልበጥ ነው። አንዴ ሐይቁ ውስጥ የገባ ይህችን አይረሳትም! ደግሞ ታንኳ ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው፤ የተኛ ልጅ አትሻገሩ እንደምንለው።

አንድ ማታ ልጁን ሳደርስ አያትየው በረንዳ ላይ ነበሩ። «መቅዘፊያ በሃዋይኛ ሆኤ ይባላል» አላቸው። ሳቁ። «የኛ ፎኤ ነው።»
«ታንኳስ? እነሱ ዋአ ይላሉ።»
«ቫአ።»
ቀጠሉ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ይጠይቃል። እኔ ሞተሩን አጠፋሁና ተቀመጥኩ።

እውቀት ከሌላ ደሴት መበደር ለሃዋዮቹም አዲስ አይደለም። ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1896 በወጣ ሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ቋንቋው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሆኩሌአ የምትባል ባለ ሸራ ታንኳ ያለ ኮምፓስ ከሃዋይ ታሂቲ ስትደርስ፣ በከዋክብትና በማዕበል መንገድ ያሳያት ማው ፒያይሉግ ግን የማይክሮኔዥያ ሰው ነበር፤ ከሳታዋል ደሴት።

የኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፊደል ያስቆጥራል። ፊደሉ ይጠቅማል፣ አልጠላሁትም። ግን ቃሉን ባይሰሙ የሚገለበጥ ነገር የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዴንቨር ላይ ምን ላስቀዝፋቸው? ደንገሉም የለ፣ ሐይቁም ሩቅ።

መልስ፦ እኔ ወጥ ቤት ጀምሬያለሁ። ልጄ ታቁላላለች፣ እኔ ከጎን ቆሜ በአማርኛ ብቻ እናገራለሁ። «አማስዪው»፣ «ውሃ ጠብ አድርጊበት»፣ «እሳቱን ቀንሺው»። እስካሁን ሁለቴ አሯል።