አስማት ከደም ነው፣ ከቃል ነው ወይስ ከፈቃድ? በሃሪ ፖተር ዓለም ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን የሃሪ ፖተርን ሰባት መጻሕፍት ያነበቡ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በታተሙት በእነዚያ መጻሕፍት አንዱ ልጅ አስማት ኖሮት ይወለዳል፤ ሌላው መጽሐፉ «ማግል» የሚለው፣ አስማት የሌለው ሰው ሆኖ ይቀራል። ከአስማተኞች ተወልደው አስማት ያጡ አሉ፤ «ስኩዊብ» ይባላሉ። ከማግሎች ተወልደው ከክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ የሚበልጡም አሉ፤ ለዚህ የሃሪ የቅርብ ጓደኛ ሄርማዮኒ ምስክር ናት። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ አስማት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምዕራፍ ተንትነው ስላላስቀመጡልን፣ በየቦታው የተበተነውን ፍንጭ ሰብስቦ ማገናኘት የአንባቢው ፋንታ ሆኗል። እንግዲህ ኃይሉ የሚመነጨው ከደም ነው፣ ከሚነገረው ቃል ነው ወይስ ከተናጋሪው ፈቃድ? ከመጽሐፉ ማስረጃ ሳያቀርብ የሚከራከር እንዳይኖር አደራ እላለሁ።

የግእዝ ተማሪ፦ እኔ ከቃል ነው ባይ ነኝ። «አስማት» የሚለው ቃላችን ራሱ በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ በብራና ክታብ ላይ የሚጻፈው አስማትም ኅቡኣት ስሞችን መጥራት ነው። ይህን ያነሣሁት የእኛን ክታብ ከእንግሊዝ ልብ ወለድ ጋር ለማዛመድ ሳይሆን፣ ስሙን በትክክል የጠራ ነገሩን ያደርጋል የሚለው ሐሳብ ለእኛ አንባቢ እንግዳ እንዳልሆነ ለመናገር ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ተማሪዎቹ ላባ በድግምት እንዲያነሡ ሲታዘዙ ሌላው የሃሪ ጓደኛ ሮን ክንዱን እያወናጨፈ ይጮኻል፤ ላባው ግን ንቅንቅ አይልም። ሄርማዮኒ «ጋር» የሚለውን ክፍለ ቃል አስረዝሞ መጥራት እንዳለበት ትነግረዋለች፤ እሷ ራሷ በትክክል ስትለው ላባው ተነሥቶ ከራሳቸው በላይ ይንሳፈፋል። የቤተ ክህነት ንባብ ቤት የዋለ ሰው ይህን ትዕይንት አንብቦ መምህሩን ሳያስታውስ አይቀርም፤ በግእዝ የንባብ ስልቶች ተነሹን በወዳቂ፣ ሰያፉን በተጣይ ያነበበ ተማሪ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቀውም ንባቡ ተበላሽቷልና ይመለስበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃዬ ግን በስድስተኛው መጽሐፍ ያለው የመታጠቢያ ቤቱ ውጊያ ነው። ሃሪ በአሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ «ለጠላት» ተብሎ የተጻፈ አንድ ድግምት አግኝቷል፤ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ሞክሮትም አያውቅም። የትምህርት ቤት ባላንጣው ማልፎይ ሊያሠቃየው ድግምት ሲጀምርበት ሃሪ ያንን ቃል ይጮኻል፤ ወዲያው የማልፎይ ፊትና ደረት በማይታይ ሰይፍ እንደተሸነተረ ሁሉ ደሙ ይፈልቃል። ሃሪ ደንግጦ ያደረገውን ሊያምን አልቻለም። ልቡ ያላሰበውን ሥራ ቃሉ ብቻውን ሠራው። ቍስሉን የዘጋው የትምህርት ቤቱ መምህር ስኔፕም ዜማ የሚመስል ድግምት እየደጋገመ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ የግእዝ ተማሪ ያነሡት ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ያንን ቃል አንድ ማግል ቢጮኸው ማልፎይ ጭረት እንኳ አያገኘውም ነበር። ስለዚህ ከቃሉ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ እሱም በውርስ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ጸሐፊዎች «ኔቸር» ለተባለው የሳይንስ መጽሔት በላኩት ደብዳቤ፣ የአስማት ችሎታ በተሸናፊ ዘረ-መል የሚተላለፍ ነው ብለው አስበው ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘውን ሕግ ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆን በሃሪ ፖተር ቤተሰቦች ላይ ሠርተውበታል። በተከታዩ ወር ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው መጽሔት መልሰው ተቃወሟቸው።

መላምቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። አስማተኛ ለመሆን ከአባትም ከእናትም የመጡ ሁለት የአስማት ቅጂዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ማግል ነው፤ ግን ሳያውቀው ተሸክሞ ለልጁ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ማግሎች ቢጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው አስማተኛ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የሃሪ እናት ሊሊና እህቷ ፔቱኒያ ከአንድ አባትና እናት ተወልደው አንዷ አስማተኛ፣ ሌላዋ ማግል የሆኑት በዚህ መንገድ ያለ ችግር ይገለጻል። የሚያስቸግረው ስኩዊብ ነው፤ ሁለት ሁለት የአስማት ቅጂ ያላቸው ወላጆች አስማት የሌለው ልጅ ሊወልዱ አይገባም ነበርና፣ የዘረ-መል ለውጥ ተከስቷል ማለት ግድ ይሆናል። ደራሲዋ ደግሞ ስለ ስኩዊቦች ሲጽፉ አስማት ገዢ ዘረ-መል ነው ብለዋል፤ ገዢ ከሆነ በማግል ወላጆች ውስጥ ተደብቆ መኖር ስለማይችል ይህ ከመጽሐፉ ታሪክ ጋር አይገጥምም። በዚህ ረገድ ደራሲዋን ሳይሆን ታሪካቸውን አምናለሁ።

ንባብ ወዳድ፦ ሁለታችሁም ፈቃድን ረሳችሁት። በአምስተኛው መጽሐፍ ሃሪ የአጎት ያህል የሚወደውን ሰው የገደለችበትን ቤላትሪክስን በማሠቃያው ድግምት ይመታታል፤ ቃሉ ትክክል ነው፣ አስማተኞች ድግምት የሚሠሩበት በትር በእጁ ነው፣ የአስማተኛ ልጅ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ወድቃ ወዲያው ትነሣለች። ከዚያም ራሷ ምክንያቱን ታስረዳዋለች፦ ማሠቃየቱን ከልብ መፈለግ አለብህ፣ በጽድቅ መቆጣት ብቻውን አይበቃም ትለዋለች። በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ተማሪዎቹ ድምፅ ሳያወጡ ድግምት መሥራት ይማራሉ። ቃሉ ምንጭ ከሆነ ዝምታ እንዴት ይሠራል? ሕፃናቱንም ተመልከቱ፤ የሃሪ የክፍል ጓደኛ ኔቪል ስምንት ዓመት ሲሆነው የአያቱ ወንድም በቁርጭምጭሚቱ ይዞ ከመስኮት አንጠልጥሎት በድንገት ሲለቀው ልጁ እንደ ኳስ ነጥሮ ይተርፋል። ያን ጊዜ በትርም ቃልም አልነበረውም፤ የመዳን ጉጉት ብቻ ነበረው። በመጨረሻም ሜሮፒን አስቡ። ከጥንታዊ የአስማተኞች ዘር የተወለደች ሴት ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ አስማት መሥራት ትተዋለች፤ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደምብልዶርም ተስፋ መቍረጧ ኃይሏን አሟጥጦት ሊሆን ይችላል ይላል። ደሟ አልተለወጠም፤ የተሰበረው ልቧ ነው።

የግእዝ ተማሪ፦ ስለ ዝምታው ልመልስ። ድምፅ የሌለው ድግምት ቃል የሌለው ድግምት አይደለም፤ ተማሪው ቃሉን በልቡ ይለዋል፤ በልብ የሚደርስ ጸሎት ቃል የለውም እንደማይባል ሁሉ። በፈቃድ ላይ ደግሞ ፔቱኒያ አለች። እህቷ ወደ አስማት ትምህርት ቤት ስትጠራ እሷንም እንዲቀበሏት ለደምብልዶር ደብዳቤ ጽፋ ለመነች፤ እሱም በደግነት ቃል እንደማይቻል መለሰላት። አንዲት ልጅ ከዚህ በላይ እንዴት ትፈልግ? ያ ደብዳቤ በሕይወቷ ሙሉ የቈየ ቍስል ሆኖባት፣ ያጣችውን ነገር እስከ ጥላቻ አድርሷታል። ፈቃድ ምንጭ ቢሆን ኖሮ ፔቱኒያ ከእህቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው ባቡር ላይ ትሳፈር ነበር። ኔቪልን በተመለከተ ግን ተረትቻለሁ፤ ለእሱ መልስ የለኝም።

ጠበቃዋ፦ እስካሁን ዝም ያልኩት መምህሩ ያቀረቡትን ደጋግሜ ለማንበብ ነው፤ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በጣም አሳስቦኛል። ይህንኑ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ በይፋ ያነሣ አንድ አካል አለ፤ በሰባተኛው መጽሐፍ መንግሥቱ በክፉዎች እጅ ሲወድቅ የተቋቋመው የማግል ተወላጆች መዝጋቢ ኮሚሽን ነው። የኮሚሽኑ መነሻ ሐሳብ፣ ምርምር ተደርጎ ተረጋግጧል በሚል ሽፋን የቀረበው፣ አስማት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በመወለድ ብቻ ነው የሚል ነበር። ከዚያ የተነሣው ድምዳሜ አስማተኛ ዘመድ የሌለው ሰው ኃይሉን ሰርቆ ወይም በጉልበት ነጥቆ ነው ያገኘው የሚል ሆነ።

በዚህ ኮሚሽን ፊት የቀረበችውን የማግል ተወላጅ፣ የሜሪ ካተርሞልን ችሎት አንብቡት። ሴትዮዋ ከምድር በታች ባለ ቀዝቃዛ የችሎት አዳራሽ፣ ደስታን ከሰው ነፍስ በሚመጥጡ ጠባቂዎች ተከብባ ለብቻዋ ተቀምጣለች። የኮሚሽኑ ኃላፊ አምብሪጅ ከላይ ሆና የተወሰደባትን በትር ዝርዝር ታነባለች፦ ርዝመቱ ስምንት ኢንች ከሦስት ሩብ፣ እንጨቱ የቼሪ ዛፍ፣ ውስጡ የዩኒኮርን ፀጉር። ከዚያም ይህን በትር ከየትኛው አስማተኛ እንደወሰደችው ትጠይቃታለች። ሜሪ እያለቀሰች በአሥራ አንድ ዓመቷ እንደገዛችው ትናገርና «መረጠኝ» ትላለች። አምብሪጅ ትስቅባታለች፤ በትር የሚመርጠው አስማተኞችን ብቻ ነው፣ አንቺ አስማተኛ አይደለሽም ትላታለች። ከዚያ አዳራሽ ወጥቼ ወደ ክርክራችን ስመለስ፣ አስማት ውርስ ብቻ ነው የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቀላሉ ልናገረው አልችልም። መምህሩ ክፉ አስበው እንዳልተናገሩት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የቆሙት ኮሚሽኑ በቆመበት መነሻ ላይ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ፣ ያነሡት ነገር ከባድ ነው፤ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። ሆኖም መነሻና ድምዳሜ ይለያያሉ። ችሎታው በዘር ይወረሳል ከተባለ ስርቆት ጭራሽ ሊኖር አይችልም፤ የዓይን ቀለምን የሰረቀ ሰው የለምና። ደራሲዋም መጨረሻው መጽሐፍ እንደወጣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንባቢዎች ሲመልሱ፣ የማግል ተወላጆች በዘር ሐረጋቸው ላይ፣ ምናልባትም ከብዙ ትውልድ በፊት፣ አስማተኛ ቅድመ አያት እንዳላቸውና ዘረ-መሉ ባልታሰበ ቦታ ብቅ እንደሚል ተናግረዋል። እንግዲህ ለሜሪ ካተርሞል ከዘረ-መል የተሻለ ጠበቃ ከወዴት ይመጣል?

ጠበቃዋ፦ መምህር፣ እንደ ሕግ ሰው ላስረዳዎ። ኮሚሽኑ የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ የቅርብ አስማተኛ ዘመድ እንዲረጋገጥ ነው። ከአሥር ትውልድ በፊት የሞተ ስሙ የማይታወቅ ቅድመ አያት በዚያ ችሎት ዋጋ የለውም። ሮን ይህ ገብቶታል፤ ስለ ኮሚሽኑ በሰሙበት ቀን ሄርማዮኒን ዘመዴ ናት እላለሁ፣ የዘር ሐረጌን አስጠናሻለሁ፣ ሲጠይቁሽ ትመልሻለሽ ብሏት ነበር። ስንት መጽሐፍ በቃሏ የምትወጣ፣ በክፍሏ የሚወዳደራት የሌለ ልጅ ነፍሷን ለማዳን የሌላ ሰው አያቶችን ስም ልትሸመድድ! የእርስዎ መላምት እሷን ነፃ የሚያወጣት ቅድመ አያት ፍለጋ ልኮ ነው፤ እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት የሠራችው ሥራ ራሱ ማስረጃ ሆኖ እንዲቆጠርላት እፈልጋለሁ። ሜሪም ስትጠየቅ አያት አልቆጠረችም፤ «መረጠኝ» ነው ያለችው። ለእኔ ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ ለእውነት የሚቀርበው መላምት ያ የእሷ ቃል ነው፤ አስማት ከሰው ጋር የሚገናኝ እንጂ በሰው ውስጥ ታሽጎ የሚተላለፍ አይመስለኝም።

የባዮሎጂ መምህር፦ የ«ቅርብ ዘመድ» መስፈርቱን ልብ አላልኩትም ነበር፤ በዚህ ነጥብ አመሰግንዎታለሁ። ዘረ-መል መላምቱን አልተውም፤ ነገር ግን ማን አስማተኛ እንደሆነ ለመፍረድ ሳይሆን ሊሊና ፔቱኒያ ለምን እንደተለያዩ ለማስረዳት ብቻ እንደሚያገለግል አሻሽዬ አቀርበዋለሁ።

ከካምፓላ፦ የምኖረው ኡጋንዳ ስለሆነ እዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሳተሙት ተጨማሪ ጽሑፍ በኡጋንዳ ባሉት «የጨረቃ ተራሮች» ላይ «ኡዋጋዱ» የተባለ ከአፍሪካ ሁሉ ተማሪ የሚቀበል የአስማት ትምህርት ቤት አለ ብለዋል። በዚያው ጽሑፍ በትር የአውሮፓ ግኝት እንደሆነና የአፍሪካ አስማተኞች ብዙ ድግምት በጣትና በእጅ ምልክት ብቻ እንደሚሠሩ ተገልጿል። እናንተ ስትከራከሩ እኔ ያሰብኩት አንድ የኡዋጋዱ ምሩቅ በአምብሪጅ ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚሆን ነው። ከማን ሰረቅኸው ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ በትር የለም፤ ያለው የገዛ እጁ ነው። በትር ሠሪው ኦሊቫንደርም በሰባተኛው መጽሐፍ አስማተኛ የሆነ ሰው ኃይሉን በማንኛውም መሣሪያ ማለት ይቻላል ማስተላለፍ እንደሚችል ይናገራል። በትሩ መተላለፊያ ከሆነ የኮሚሽኑ ዋና ማስረጃ ከመሠረቱ ማስረጃ አልነበረም።

ጠበቃዋ፦ ይህን መከላከያ አላሰብኩትም ነበር። ደስ ብሎኛል።

የግእዝ ተማሪ፦ ከካምፓላ የተነሣው የእኔንም ክርክር ይነካል፤ በጣት ምልክት ብቻ የሚሠራ ድግምት ካለ ቃል የግድ አይደለምና። ስለዚህ አቋሜን እንዲህ አስተካክላለሁ፦ ችሎታው አብሮ ይወለዳል፤ ምንጩን አላውቅም። ቃልና የእጅ ምልክት ደግሞ ያ ችሎታ ቅርጽ የሚይዝባቸው በትምህርት የሚገኙ መንገዶች ናቸው፤ ድምፅ ከተፈጥሮ፣ ዜማ ግን ከመምህር እንደሚገኝ። የኔቪል መንጠር ቅርጽ ያልያዘው ድምፅ ነው፤ የሄርማዮኒ ላባ ዜማው ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ድግምት በተመለከተ ግን ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም። ሃሪ ያንን መቍረጥ አልፈለገውም፣ አላወቀውምም፤ ቃሉን የሠራው ስኔፕ በወጣትነቱ ነው፣ ጥላቻውን ያስቀመጠበትም እሱ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ልጅ አፍ ሲነገር ያው ጥላቻ ወጥቶ ሠራ።

ንባብ ወዳድ፦ እንዲያ ከሆነ ተስማምተናል ማለት ነው፤ በዚያ ቃል ውስጥ የሠራው የስኔፕ ፈቃድ ነበርና።

የግእዝ ተማሪ፦ አልተስማማንም። ፈቃዱ ከባለቤቱ ተለይቶ በቃሉ ውስጥ መኖር ከቻለ፣ የያዘው ቃሉ ነው።