አራተኛው ሰዓቴ የጠላቂ ሰዓት እንዲሆን ወስኛለሁ፤ የትኛውን ልምረጥ?

የሲኮ ወራሽ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ያሰባሰብኳቸው ሦስት የእጅ ሰዓቶች አሉኝ፤ አንደኛው ከአባቴ የወረስኩት ሲኮ ፋይቭ፣ ሁለተኛው በእጅ የሚሞላ ኦሜጋ ስፒድማስተር፣ ሦስተኛው ደግሞ ለሠርግና ለበዓል ከሱፍ ጋር የማደርገው ቀጭን፣ ባለ ቆዳ ማሰሪያ ሰዓት ነው። ሦስቱንም ይዤ ባሕር መግባት አልደፍርም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ፉጃይራ እየሄድኩ ባሕር መጥለቅ በመማር ላይ ነኝ፤ በሄድኩ ቁጥርም ሰዓቴን አውልቄ፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ ጫማዬ ውስጥ እየደበቅሁ መግባት ሰልችቶኛል። ስለዚህ አራተኛው ሰዓቴ እውነተኛ የጠላቂ ሰዓት እንዲሆን ወስኛለሁ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ ተሳስቼ ገዝቼ መልሼ ልሽጠው ብል ኪሳራው ቀላል አይሆንም።

እስካሁን ሦስት ዕጩዎች ይዣለሁ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ቀን ማሳያ የሌለውና ስፋቱ 41 ሚሊ ሜትር የሆነው ሮሌክስ ሰብማሪነር ነው። ሁለተኛው 42 ሚሊ ሜትር የሆነው ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 ኤም ሲሆን፣ ሦስተኛውና ልቤ ያረፈበት ግን 45 ሚሊ ሜትር የሆነው ብላንፓን ፊፍቲ ፋዘምስ ነው። ሦስቱም እስከ 300 ሜትር ውሃ እንደሚቋቋሙ ስለሚገለጽ በጥልቀት ላለያያቸው አልቻልኩም። የእጄ አንጓ ዙሪያው 16.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ ሰዓቱን ከባሕር ውጭም ከሸሚዝ ጋር ላደርገው እንደምፈልግ ከግምት አስገብታችሁ ምክራችሁን ብትለግሱኝ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የጥንት ሰዓት ወዳጅ

ልብዎ ፊፍቲ ፋዘምስ ላይ በማረፉ አልፈርድብዎትም፤ የዘመናዊው የጠላቂ ሰዓት መልክ የተቀረጸው በእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የብላንፓን ኃላፊ የነበረው ዣን ዣክ ፊሽቴር ራሱ ጠላቂ ነበር፤ አንድ ጊዜ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ውስጥ ሳለ ምን ያህል እንደቆየ ሳያስተውል አየሩ ስላለቀበት፣ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ በጥድፊያ ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደ። በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ተዋጊ ዋናተኞችን ያቋቋሙት ሮበር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ ለሰዎቻቸው የሚሆን ሰዓት ይፈልጉ ነበር፤ ገበያ ላይ ያገኟቸው ትንንሾች፣ በጨለማ የማይነበቡና ውሃ የሚያስገቡ ሆኑባቸው። ስለዚህ የሚፈልጉትን ራሳቸው ነድፈው አመጡ፦ ፊቱ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ትልልቅና የሚያበሩ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከር ቀለበት ያለው። የእነሱ ፍላጎትና የፊሽቴር ልምድ ተገናኝተው በ1953 ሰዓቱ ወጣ። ፋዘም የእንግሊዝ መርከበኞች የጥልቀት መለኪያ ሲሆን፣ ሃምሳው ወደ 91 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በጊዜው በነበረው የመተንፈሻ መሣሪያ ጠላቂ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ጥልቀት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ሰብማሪነርም የዚያው የ1953 ልጅ ነው። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር በሰብሳቢዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ባያበቃም፣ እኔ በበኩሌ ሰዓት ስመርጥ የልደት ምስክር ወረቀት ማገላበጥ ትቻለሁ።

አሁን ወደሚያስከፋው ነገር ልምጣ። 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ሰዓት 16.5 ሴንቲ ሜትር አንጓ ላይ ሲቀመጥ፣ ሰውየው አከምባሎ ታቅፎ የሚሄድ ይመስላል። ከስፋቱ ይልቅ ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን ቀንዶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ፤ ቀንዶቹ ከአንጓዎ ጠፍጣፋ ክፍል ወጥተው በአየር ላይ ከቀሩ፣ ሰዓቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከሁለት ወር በኋላ ከመሳቢያ አይወጣም። ደግነቱ፣ ከ2024 ጀምሮ ፊፍቲ ፋዘምስ በ42.3 ሚሊ ሜትር በቲታኒየም ይሠራል። ማሽኑ አንዴ ከተሞላ 120 ሰዓት፣ ማለትም አምስት ሙሉ ቀን ይሄዳል፤ የሰብማሪነሩ 70 ሰዓት፣ የሲማስተሩ 55 ሰዓት ነው። አራት ሰዓት እያፈራረቀ ለሚያደርግ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አርብ አውልቀው ያስቀመጡት ሰዓት ማክሰኞ ጠዋት ሲሄድ ቢያገኙት እንደገና ከማስተካከል ይድናሉ። ዋጋው ግን ከሁለቱ ዕጩዎችዎ በእጅጉ እንደሚበልጥ ሳይረሱ ነው።

ሰዓት ሠሪ፣ ፒያሳ

ሰዓት ስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ስለ ታሪክ ከላይ የጻፉት ወንድሜ ይበቃሉና እኔ የኋላ ክዳኑ ሲከፈት ስለማየው ነገር ልናገር።

አንድ ደንበኛዬ ከላንጋኖ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ውድ የጠላቂ ሰዓቱን ይዞልኝ መጣ። መስታወቱ ከሥር ጉም ለብሶ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው፣ መሙያው ወደ ማሽኑ በሚገባበት ቀጭን ዘንግ ዙሪያ ቡናማ ዝገት እንደ ሽሮ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ከዘንጉ አልፎም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ነክቷል። ሰዓቱ ምንም ጉድለት አልነበረውም፤ ባለቤቱ ጠዋት ሰዓቱን ሲያስተካክል መሙያውን ጠምዝዞ ሳያጠብቀው ነው ውሃ የገባው። 300 ሜትር ተብሎ ፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው መሙያው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝና በውስጡ ያሉት የውሃ መከላከያ ጎማዎች ጤነኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። ጎማ ደግሞ ጎማ ነው፤ ይደርቃል፣ ይጨፈለቃል፣ ሙቀትም ይጎዳዋል። ስለሆነም ባሕር የሚገባ ሰዓት በዓመት አንድ ጊዜ በግፊት መመርመሪያ መሣሪያ ቢፈተሽ፣ ባሕር ከገባ በኋላም በንጹሕ ውሃ ቀለበቱን እያዞሩ ቢያጥቡት፣ ከዚህ የረከሰ መድን አያገኙለትም። ከጨው ጋር የደረቀ አሸዋ ከሥሩ ገብቶ አልዞር ያለ ቀለበት ስንት ጊዜ ነቅዬ አጽድቻለሁ! ሻወር ቤት በእንፋሎት ውስጥ ይዘውት አይግቡ፤ ውሃ ውስጥም መሙያውን አይንኩ።

የጠላቂ ሰዓት የሚለው ስም በዘፈቀደ የሚሰጥ አይደለም። አይሶ 6425 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ቢያንስ 100 ሜትር መቋቋምን፣ በጨለማ ከ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት መነበብን፣ የተጻፈበትንም ጥልቀት በ25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት መፈተንን ይጠይቃል። የአባትዎ ሲኮ ፋይቭና ስፒድማስተርዎ በዚህ ፈተና ያላለፉ ስለሆኑ በካልሲ መጠቅለልዎ አያሳፍርም።

ከዕጩዎችዎ መካከል ከጥገና አንጻር የምወደው ሲማስተሩን ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት «ሰዓቴ ፈጠነ» ከሚሉ ደንበኞች ብዙዎቹ ሰዓታቸውን ያስፈጠነው ማግኔት ነው፤ የስልክ ሽፋን፣ የቦርሳ መዝጊያ፣ የድምፅ ማጉያ። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የሲማስተሩ ማሽን እስከ 15,000 ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) የሚደርስ ማግኔት እንዲቋቋም ተፈትኖ የሚወጣ በመሆኑ ይህን ጣጣ ከራስዎ ላይ ያነሳል። ያገለገለ ሰዓት ሊገዙ ቢያስቡ ደግሞ የኋላ ክዳኑ በፊትዎ ሳይከፈት ገንዘብ አይክፈሉ፤ የዛሬ ፎርጅድ ከውጭ ሲያዩት ዓይንን ያታልላል፣ ማሽኑ ሲታይ ግን ይለያል።

ጠላቂዋ፣ ከኤላት

ወንድሜ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ለመዝናኛም ለሥራም ስጠልቅ ዓመታት አልፈውኛልና አንድ ነገር ላስታውስዎት፤ ውሃ ውስጥ ሕይወትዎን የሚጠብቀው ጥልቀትንና ጊዜን የሚከታተለው የመጥለቂያ ኮምፒውተር እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ሰዓቱ መጠባበቂያ ነው። ይሁንና ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ሲወርዱ የቀለበቱን ሦስት ማዕዘን በደቂቃ ቆጣሪው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ በአንድ እይታ ያነባሉ። ቀለበቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረውም በብልሃት ነው፤ በድንገት ቢነካና ቢዞር እንኳ የቆዩበትን ጊዜ አብዝቶ ስለሚያሳይ ቶሎ ያስወጣዎታል እንጂ አያዘገይዎትም።

ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። እንግዲህ በ300 ሜትርና በ200 ሜትር መካከል ለእርስዎ ምንም ልዩነት የለም። በሲማስተሩ ጎን፣ በ10 ሰዓት ቦታ ላይ የምትታየው ተጨማሪ መሙያ መሰል ነገር ሂሊየም ማስወጫ ናት፤ የምትጠቅመው ለቀናት ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ ለሚሠሩ ጠላቂዎች ነው። ሂሊየሙ በጎማዎቹ አልፎ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል፣ ግፊቱ ሲቀነስ መውጫ ካጣም መስታወቱን ሊፈነቅለው ይችላል። እርስዎ ፉጃይራ ላይ ኤሊ ሊያዩ ሲወርዱ ያቺ ነገር ጌጥ ናት።

ይልቅስ ልብ የሚሉት ማሰሪያውን ይሁን። ከጠላቂ ልብስ በላይ ሲታሰር መርዘም፣ ልብሱ ሲወልቅ ደግሞ ያለ መሣሪያ ማጠር አለበት። የሰብማሪነሩ መቆለፊያ በ2 ሚሊ ሜትር እርምጃ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከዕጩዎችዎ ውስጥ በዚህ እሱን አስቀድማለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ ግን ከዝርዝርዎ ውጭ ወጥቼ ቱዶር ፔላጎስ 39 እመለከት ነበር። በ2022 የወጣ ነው፤ ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር፣ አካሉ ቲታኒየም፣ ውፍረቱ ከ12 ሚሊ ሜትር በታች፣ እስከ 200 ሜትር የሚቋቋም፣ ማሽኑ 70 ሰዓት የሚሄድ። ከብረት ማሰሪያው ጋር የጎማ ማሰሪያም አብሮ ይሰጣል። ቱዶር የሮሌክስ እኅት ድርጅት መሆኑን ያውቃሉ፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልም ለዓመታት የቱዶር የጠላቂ ሰዓቶችን ተጠቅሟል።

ጳጉሜን 6

በሰብማሪነሩ ላይ አጭር አስተያየት አለኝ። ሰዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከወኪል ሻጭ በተገቢው ዋጋ ለማግኘት ወረፋ መያዝ ያስፈልጋል፣ ወረፋውን ሸሽተው ከሌላ ነጋዴ ሲገዙ ደግሞ ከሰዓቱ ዋጋ በላይ የትዕግሥት ማጣት ቀረጥ ይከፍላሉ። ለመጥለቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ቢከፍል እኔ አልስማማም።

ጠያቂው ሰብማሪነርን የመረጡት ቀን ማሳያ የሌለውን መሆኑን ግን ወድጄላቸዋለሁ። እኔ ቀን ማሳያ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ለመጠቀም ሞክሬ ነበር፤ በየወሩ ሠላሳ አልቆ አንድ ማለት ሲገባው 31 እያለ፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ከነአካቴው ጠፍቶበት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳርመው ኖርኩ። ሰዓቱን ግን ማንበብ ቀላል ነው፤ የሰዓት ቆጣሪው ከሚያመለክትበት ትይዩ ያለውን ማየት ብቻ ነው፤ ስድስት ቁጥር ላይ ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ነጋ።

የሲኮ ወራሽ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት የጠላቂ ልብሴን በከረጢት ይዤ የሰዓት መደብሮችን ዞርኩ፤ ሻጮቹ ቢስቁብኝም እጅጌውን አጥልቄ ነው የሞከርኩት። 45 ሚሊ ሜትሩ ፊፍቲ ፋዘምስ አከምባሎ የተባለው እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለቱም ጎን ቀንዶቹ ከአንጓዬ አልፈው ሄዱ፣ በሸሚዝ እጅጌ ሥርም አልገባ አለ። 42.3 ሚሊ ሜትሩ በልኬ ነበር፣ ዋጋው ግን ካጠራቀምኩት አለፈ። ሰብማሪነሩ ለእይታ ብቻ የተቀመጠ ስለነበር በእጄ አደረግሁት እንጂ ልገዛው አልቻልኩም። ሲማስተሩን ያለ ልብሱ ወደድኩት፤ ከልብሱ በላይ ግን ማሰሪያውን እንደምፈልገው ላስተካክለው አልቻልኩም።

ፔላጎስ 39ን ሳደርገው ግን ምንም ያላሰርኩ ያህል ቀለለኝ፤ የቲታኒየም ነገር በጽሑፍ ሲነበብና በእጅ ሲያዝ ይለያያል። ቀን ማሳያም የለውም። የጎማ ማሰሪያው ከልብሱ በላይ ያለ ችግር ታሰረ፤ የብረቱ ደግሞ ከሸሚዝ ጋር ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት እገዛዋለሁ፤ የተረፈውንም ገንዘብ ለ42.3ቱ ፊፍቲ ፋዘምስ መነሻ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

ለፒያሳው ሰዓት ሠሪ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የአባቴ ሲኮ ፋይቭ የኋላ ክዳኑ ከተከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ለገና ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ጎማውን ሊቀይሩልኝ ይችላሉ?

ሰዓት ሠሪ፣ ፒያሳ

ያምጡት፤ ጎማው ይቀየራል፣ ማሽኑም ይታጠባል፣ ይቀባል። ውሃ ውስጥ ግን እንዳያስገቡት።