በርበሬ ላይ አፍላቶክሲን ስንለካ ቢ1 እና ጂ1 የት ይጠፋሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ያለ አፍላቶክሲን (የሻጋታ መርዝ፤ ዓይነቶቹ ቢ1፣ ቢ2፣ ጂ1 እና ጂ2) በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን በኮለም ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) እየለካን ነው። ኮለሙ ሲ18፣ 250 በ4.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሞባይል ፌዙ (በኮለሙ የሚያልፈው ፈሳሽ) ውሃ፣ ሜታኖልና አሴቶናይትራይል 60 ለ20 ለ20፣ ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር። ከኮለሙ በኋላ በኤሌክትሪክ ብሮሚን የሚያመነጭ ኮብራ ሴል፣ ከዚያ የሚያበሩትን ብርሃን የሚለካ ፍሎረሰንስ ዲቴክተር። የጂ2 እና የቢ2 ፒክ (ግራፉ ላይ ያለው ጫፍ) ቆንጆ ነው፤ ጂ1 እና ቢ1 ግን ከቤዝላይን አልነሳ አሉ። ናሙናውን ቀድመን የምናጠራበት ኢሚውኖአፊኒቲ ኮለም (አፍላቶክሲኑን በአንቲቦዲ የሚይዘው) አስቀርቷቸው ይሆን?

መልስ 1፦
እሱን ለጊዜው ተወው። ኢሚውኖአፊኒቲ ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው ጂ2 ነው፤ አንቲቦዲው ከሌሎቹ ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። ያንተ ጂ2 ደህና ነው። ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀውን ንጹሕ አፍላቶክሲን) ብቻ ኢንጀክት አድርግና እይ፤ እዚያም ሁለቱ ከጠፉ ጥፋቱ ሴሉ ጋ ነው።

ቢ1 እና ጂ1 ፉራን ቀለበታቸው ላይ ድርብ ቦንድ አላቸው፤ ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ብርሃናቸው ይዳፈናል። ብሮሚን እዚያ ቦንድ ላይ ሲገባ ነው ደምቀው የሚታዩት። ቢ2 እና ጂ2 ቦንዱ ስለሌላቸው ሴሉ ሠራ አልሠራ ግድ የላቸውም።

በሊትር 120 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ብሮማይድና 350 ማይክሮ ሊትር ባለ 4 ሞላር ናይትሪክ አሲድ ገብቷል? ከረንቱስ 100 ማይክሮ አምፔር ነው? ከሴሉ እስከ ዲቴክተሩ ያለውንም ቱቦ ለካው፦ 34 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 0.5 ሚሊ ሜትር። ይህ ለምላሹ 4 ሰከንድ ያህል ይሰጣል፤ ያጠረ ቱቦ ከተገጠመ አይበቃውም።

ጠያቂ፦
ስታንዳርዱም ላይ ያው ነው። ከረንቱና ቱቦው ልክ ናቸው፣ ብሮማይዱም አለ። አሲዱ ግን ኮለሙን እንዳይጎዳ ተብሎ ቀርቷል።

መልስ 1፦
በቃ፣ እሱ ነው። ብሮሚን በብሮሚንነቱ የሚቆየው አሲድ ሲኖር ነው። ያ መጠን ፒኤቹን ወደ 3 ገደማ ቢያወርደው ነው፤ ሲ18 ይችለዋል።

መልስ 2፦
ፓምፑ ሳይነሳ ከረንት እንዳታበራ፣ ሜምብሬኑ ይበላሻል። ስትዘጋ ደግሞ ከረንቱ ይቀድማል።

ሴሉ ሲስተካከል የሚቀረው በርበሬው ራሱ ነው፤ ቀለሙና ዘይቱ አስቸጋሪ ነው። 25 ግራም በርበሬ፣ 5 ግራም ጨው፣ 100 ሚሊ ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል፤ ካጠለልክ በኋላ 10 ሚሊ ሊትሩን ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ነገር) ባለበት 60 ሚሊ ሊትር ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ውሃ) አቅጥነው። ሳይቀጥን ኢሚውኖአፊኒቲ ኮለሙ ውስጥ ከገባ ሜታኖሉ አንቲቦዲውን ይጎዳዋል። በጠብታ አሳልፈው፣ አትግፋው። ስታወጣ 1 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ጨምረህ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ።

ንጹሕ በርበሬ ላይ ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ጨምረህ ሪከቨሪውን (ከጨመርከው ስንት በመቶው እንደተገኘ) እይ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለቅመማ ቅመም ያስቀመጠው የቢ1 ጣሪያ እሱ ነው። ከ70 በመቶ ካነሰ ውጤቱን አትጻፍ። በውሃ የቀጠነ ስታንዳርድም አታሳድር፣ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።